ድንጋይ ተሸክሜ የሄድኩበት ፖድካስት

ይህን በእጄ የምጽፈው እኔው ነኝ። ልጄ ስመኝ «አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍልህ» ብላኝ ነበር፤ አይሆንም አልኳት። ዳዊት ሳልዘልቅ ነው ከየኔታ ዘንድ ወጥቼ ሞፈር የጨበጥኩት፤ ስለዚህ ፊደሌ ቢንጋደድ፣ ወሬዬም ቢረዝም ታገሡኝ። የምነግራችሁ የጥቂት ቀን ነገር ነው። ሥሩ ግን አሥራ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል።

ደምሌ እባላለሁ። አገሬ ወገራ ነው፤ ከዳባት የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ። ገብስና ድንች እያመረትኩ፣ ጥቂት በግ ይዤ እኖራለሁ። ደግሞም ሽማግሌ ነኝ። ዕድሜዬን ብቻ አይደለም የምላችሁ፤ የተጣላ የማስታርቅ ነኝ። ባልና ሚስት፣ የድንበር ባላጋራ፣ ደም የተቃባ ሳይቀር ከቤተ ክርስቲያናችን ጥድ ሥር አስቀምጬ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሰኝቻለሁ። ከሩቅ ቀበሌ ይላክብኛል። ከአንድ እናት ሆድ ከወጣ ወንድሜ ከሲሳይ ጋር ግን አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ቃል አልተነጋገርንም። አገሬው ያውቃል፤ አክብሮኝ በፊቴ አያነሣውም። ከተገኘ በቀር። ተገኘ ጎረቤቴ ነው፤ አብረን ያደግን፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው።

«አንተኮ እንደ ወፍጮ ነህ» ይለኛል። «የአገሩን እህል ትፈጫለህ፤ የራስህ ቤት ግን ጥሬ ነው።»

ሰው የሚያውቀው ጠባችን እንዲህ ነው። አባታችን ሲሞት ሲሳይ ሰሊጥ ሊያጭድ ሁመራ ወርዶ ነበር። የደረሰው ከሠልስቱ ማግስት ነው። ለቅሶ በተቀመጠው ሰው መሐል ቆሞ «ምነው አያ? ምነው ሳትልክብኝ?» አለኝ። እኔም «ሬሳ መንገደኛ አይጠብቅም» አልኩት። ይህን ስል ዓይኑን አላየሁትም። ዘወር ብሎ ሄደ፤ በሚስቱ አገር፣ ደንቢያ ኮላ ድባ አጠገብ፣ ጎጆ ቀለሰ። ከዚያ ወዲህ ለሰርግም ለለቅሶም አልተጠራራንም።

ባለፈው የካቲት የዓይኔ ሞራ በረታብኝና ስመኝ ወደ ጎንደር አወረደችኝ። ያን ሰሞን መንገዱ ክፍት ነበር። የግራ ዓይኔን ሞራ ገፈፉልኝና በነጭ ጨርቅ አሰሩት። ቀኙ ገና ተራ ጠባቂ ስለነበር በሱ የማየው ጥላ ጥላውን ነው፤ ከዚህ በታች ያላየሁትን የምጽፈው ስመኝ ኋላ ነግራኝ ነው። «ለጊዜው ከባድ እንዳይሸከሙ፤ እንዳያጎነብሱም» አለኝ ሐኪሙ። ስመኝ ቤቷ ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ ከተማ ነው፤ እሷ ዘንድ አረፍኩ። ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዋን ታንኳኳለች፤ እኔ እንደ ታሰረ ወይፈን ጥግ ይዤ እተክዛለሁ። አሳዘንኳት መሰል፣ ስልኳን ከጆሮዬ አጠገብ አስቀመጠችልኝ።

«ሬዲዮ ነው?»

«ፖድካስት ይባላል አባዬ። ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ የልቡን ይጫወታል፤ አንተ ትሰማለህ።»

«መስማቴን ያውቃሉ?»

«ከየት ያውቃሉ!»

«ጆሮ ጠቢ ሁን በይኛ።»

ሳቀችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ነገሩ ግን ሸጋ ነበር። ጠያቂዋ ቃልኪዳን የምትባል ሴት ናት፤ ድምጿ የረጋ፣ የሰው ነገር የማትቆርጥ። በስተርጅና ፊደል የቆጠረች ሴት አቀረበች። ቀጥሎ ጡረታ የወጣ ሾፌር መጣ። እኔም ብቻዬን «እሰይ»፣ «ወይ ጉድ» እያልኩ አብሬ እጫወታለሁ። ሦስተኛው እንግዳ ሲገባ ነው ዝም ያልኩት።

ሽማግሌ ነው። ስሙን ብትጠይቀው «ስሜ ይቅር፤ አገሬም ይቅር። ነገሩን ብቻ ስሚኝ» አላት።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ወግ ለማያውቅ ልንገር። የተበደለ ሰው «አስታርቁኝ» ብሎ በየደጁ አይዞርም፤ ነውር ነው። ገበያ ላይ ወይም ለቅሶ ቤት፣ ስም ሳይጠራ «አንድ ሰው እንዲህ ተደረገ» ብሎ ቃሉን ይጥላል። ቃሉ ከሰው ሰው ይሄዳል። በዳዩ ሲሰማ ያውቀዋል፤ ሽማግሌ ይልካል። እኔ ራሴ ስንቱን እርቅ የጀመርኩት እንዲህ የወደቀ ቃል አንሥቼ ነው። ስለዚህ ሰውዬው «ስሜ ይቅር» ሲል ወዲያው ገባኝ፤ ይህ ሰው ለአንድ ሰው ነው የሚናገረው አልኩ።

«አባታችን የታመመ ጊዜ እኔ ቆላ ወርጄ ነበር» አለ እንግዳው። «ስሜን ደጋግሞ ጠራ። ታላቅ ወንድሜ አጠገቡ ነበር። ‹ሰው ላክበት› ሲለው ‹ልኬያለሁ› አለው። አልላከም።»

«አሁን ወንድምዎ ቢሰማዎት ምን ይሉታል?» አለች ቃልኪዳን።

ትንፋሹ ተሰማ። «መሬት አልፈልግም። ከብትም አልፈልግም። አባቴ በመጨረሻ ስለ እኔ ምን እንዳለ ይንገረኝ። እሱን ሳልሰማ አልሙት።»

ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ።

ሰው የማያውቀው ይህን ነበር። አባቴ ሦስት ሳምንት ታሞ ነው የሞተው። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ «ሲሳይን ጥሩልኝ» ይል ነበር። «ልኬያለሁ፣ መንገድ ላይ ነው» እለዋለሁ። አልላክሁም። መሬት ፈርቼ አይደለም፤ መሬቱ እኩል ነው። አባቴ ለሲሳይ ሆዱ ይላላ ነበር፤ በኑዛዜው ሰዓት ቢደርስ ምርቃቱ ወደሱ ያዘነብላል ብዬ ፈራሁ። በምርቃት ቀናሁ። ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ የሰማ አልነበረም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። ታዲያ ይህ ሰው በምን አወቀ? በሆነ መንገድ ደርሶበት ሲሳይ ካልሆነ በቀር! ድምፁ ትንሽ ያረጀ መሰለኝ፤ እኔስ ከሰማሁት አሥራ ሰባት ዓመት አይደለም?

«ስመኝ! ይህ ሰው የት ነው ያለ?»

«ምነው አባዬ? ፊትህ ምን ሆነ?»

«አጎትሽ ነው። ጠርቶኛል።»

ስመኝ ድጋሚ አዳመጠችው። «የሱ ድምፅ አይደለም» አለች። ከየት ታውቂዋለሽ ማለት ሲገባኝ አላልኩም፤ ችኮላ ላይ ነበርኩ። ዝግጅቱ ከጎንደር ነው የሚል ስለነበር በስልኳ ጻፈችላቸው፤ «አባቴ እንግዳውን አግኝቶ መታረቅ ይፈልጋል» ብላ። ቆይቶ መልስ መጣ። «እንግዳውን ማገናኘት አልችልም። ግን ቁስቋም ሰፈር ነኝ፤ ኑና ፊት ለፊት ላስረዳችሁ» ይላል።

እኔ ደስ አለኝ። ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ «አይሆንም» ነው የሚባለው። በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ ተበዳይ አይቼ አላውቅም።

«በቃ ኮላ ድባ እንሂድ፤ ቁስቋም ምን ያደርጋል?» አለች ስመኝ።

«ቃሉ የወደቀበትን ቤት ዘልሎ አይኬድም። የእርቁ ደጃፍ እሱ ነው።»

ወደ ዳባት አስደወልኩ። በማግስቱ ንስሐ አባቴ መምሬ እንዳላማውና ተገኘ ከረፋዱ ፀዳ ደረሱ። «ሲሳይ ቃል ጥሏል» ከማለት በቀር ምንም አልነገርኳቸው። ስለ ቀብሩ መሰላቸው። መምሬ ተንበርክከው አመሰገኑ፤ ተገኘ ወጥቶ ድንጋይ ይዞ ገባ።

ይህም ወግ ነው። ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቆማል፤ የሚያወርድለት ተበዳዩ ነው፤ ራሱ አይጥለውም።

«ከባድ አትሸከም ተብሏል!» ብላ ስመኝ ጮኸች። «ዓይኑ ይፈስሳል!»

«ታዲያ ጠጠር ተሸክሞ ሊታረቅ ነው?» አለ ተገኘ።

ክርክሩ እስከ ምሳ ዘለቀ። በመጨረሻ መምሬ የቡጢ ሁለት እጥፍ የምታህል ድንጋይ መርጠው «እግዚአብሔር ሚዛን የለውም፤ ይህች ትበቃለች» አሉ።

ቁስቋም ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ባለ ሰፈር፣ በአንድ ቆርቆሮ በር ፊት ቆምን። ድንጋዩን ጫንቃዬ ላይ አደረግሁ። መንገደኛው ቆሞ ያየናል። ስመኝ አንኳኳች። ሃያ ምናምን ዓመት የሚሆናት ቀጭን ልጅ ከፈተችና ስታየን እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ኧረ በማርያም! አባባ፣ ድንጋዩን ያውርዱት!»

«አንቺ ማን ሆነሽ ነው አውርድ የምትይ?» አለ ተገኘ። «ባለቤቱን ጥሪ!»

ልጅቱ አጠገቤ መጥታ መሬት ተንበረከከች። ስሟ ሕይወት ነው። «ባለቤት የለውም» አለች። «አባቶች፣ ይማሩኝ፤ እንግዳው ሰው አይደለም።»

«ሰው ካልሆነ ምንድነው?» አሉ መምሬ፤ መስቀላቸውን አወጡ።

«ሰው ሠራሽ ነው። ማሽን ነው። ጠያቂዋ ቃልኪዳንም ማሽን ናት። ሁሉንም እኔ ነኝ የማሠራው። ከገጹ ግርጌ ጽፌዋለሁ።»

«ግርጌ!» አለች ስመኝ። «ግርጌ ማን ያነባል?»

ሕይወት አስገባችን። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር። የሰው ዘር የለም። የኮምፒውተር ትምህርት ጨርሳ ሥራ ስታጣ ሰው መጠየቅ ፈለገች፤ ማይክሮፎን የላትም፣ ሰውም እሺ አላላትም። «ትንሽ ልጅ ሆኜ ማን የልቡን ይነግረኛል?» አለች። «ስለዚህ ጠያቂውንም ተጠያቂውንም ፈጠርኩ።»

ተገኘ አላመነም። «እስቲ አነጋግሪልኝ» አለ። «የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቂው።»

እሷ ስትጽፍ ጥቂት ቆይቶ ያ ድምፅ ከኮምፒውተሩ ወጣ። «የአቶ መንግሥቱ ልጅ ነኝ» አለ፤ ጥርት አድርጎ። የአባታችን ስም ግን መንግሥቱ አይደለም።

«ንስሐ አባትህ ማነው?» አሉ መምሬ።

«ቄስ ገብረ ሥላሴ ናቸው።»

ተገኘ «አሁን ደግመሽ ጠይቂው» አላት። ደግማ ጠየቀችው። «አባ ወልደ ማርያም ናቸው» አለ፤ ያው በዚያ እርጋታ።

«ሰው አይደለም» አሉ መምሬ። «ሰው ሚስቱን ሊቀይር ይችላል፤ ንስሐ አባቱን ግን በአንድ ቁጭታ ሁለት ጊዜ አይቀይርም።»

ተገኘ ሳቅ ሊገድለው ደረሰ። «ደምሌ፣ ያንን ድንጋይ ማን ሊያወርድልህ ነው? ይህ እጅ እንኳ የለው!»

እኔ አልሳቅሁም። «ልጄ» አልኳት፤ «አባቱ እንደጠራውና ወንድሙ እንዳልላከበት ለዚህ ነገር ማን ነገረው?»

«ማንም አልነገረው አባባ። እኔ ‹ከወንድሙ የተቀያየመ ሽማግሌ› ብዬ ብቻ ነው ያዘዝኩት። ሰው ከጻፈውና ከተናገረው ብዙ ብዙ ነገር ተምሮ ነው የሚያወራ። ያንን ያለው... በብዙ ሰው ላይ ስለደረሰ ይመስለኛል።»

በብዙ ሰው ላይ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ፤ ድንጋዩን እንደያዝኩ። የኔን ምሥጢር ያወጣው ማንም አልነበረም። ሲሳይ አያውቅም። ዛሬ ወደ ቤቴ ብመለስ አብሮኝ ይቀበራል። እዚያች አልጋ ላይ ዲያብሎስ ምን እንዳለኝ ልዋሻችሁ አልችልም፤ «እሰይ፣ ተረፍህ» ነው ያለኝ። ደስ ሊለኝ ሲል ግን ያ ሁሉ ብዙ ሰው ታየኝ፤ ሁሉም እንደኔ «ማንም አያውቅም» ብሎ አፉን የዘጋ።

መምሬ አጠገቤ መጡ። «ምነው ደምሌ? ምን ነካህ?»

ተናገርሁ። ሁሉንም፣ እዚያው። ስመኝ ወደ ግድግዳው ዞረች።

መጀመሪያ አፉን የከፈተ ተገኘ ነው። «ግድ የለም» አለ ዝቅ ብሎ። «ነገ እንሂድና ስለ ቀብሩ ብቻ ይቅርታ በል። ያላወቀውን ለምን ታሳውቀዋለህ? የዳነ ቁስል አይቧጨርም።»

«ድኗል ያለህ ማነው?» አሉ መምሬ።

ስመኝ ፊቷን ሳትመልስ ተናገረች። «አልዳነም። እኔ በየዓመቱ ተደብቄ እጠይቀዋለሁ፤ አልነገርኩህም እንጂ። ሁልጊዜ የሚለኝ አንድ ነው፤ ‹አባቴ ረስቶኝ ሞተ›።»

ያቺን ቃል ስሰማ ነገሩ አለቀ። መምሬ ከጫንቃዬ ላይ ድንጋዩን አንሥተው ለስመኝ ሰጧት። «ይህ ለማሽን አልተነሣም» አሉ። «ለአንድ ሌሊት ይረፍ፤ ነገ ይነሣል።» ሕይወት እስከ መንገዱ ሸኘችን። እያለቀሰች ነበር። «የምሠራው ነገር ሰው ቤት የሚገባ አልመሰለኝም» አለችኝ።

በማግስቱ ኮላ ድባ ወረድን። ከገበያው አልፈን በእግር ነው። ሲሳይ ከቤቱ በላይ ካለው አውድማ ላይ ሽምብራ ሲወቃ፣ ሦስት አራት ጎረቤት ሲያግዘው አገኘነው። ሚስቱ ጥሩዬ ቀድማ አየችንና የያዘችውን ቅርጫት አስቀመጠች። ድንጋዬን ተሸክሜ ከአውድማው ጫፍ ቆምኩ። ሲሳይ መንሹን እንደያዘ ቀና ሲል ጥላውን አየሁ።

«መንሹን ተቀበሉት» አለ ተገኘ በሹክሹክታ።

«ማነው እሱ?» አለ ሲሳይ።

«ደምሌ ነኝ።»

«ደምሌ የሚባል አላውቅም» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ቆምን። የደንቢያ ፀሐይ ለደገኛ ምሕረት የላትም። ክምሩን አንድ ጊዜ ገለበጠ፤ ደገመ። ጎረቤቶቹ ሥራ ፈትተው እኛን ያያሉ። በመጨረሻ ለነሱ የሚነግር መስሎ «እዩት፤ ዛሬም ቀና ብሎ ነው የመጣው» አለ።

«ሐኪም ነው አታጎንብስ ያለው!» ብላ ስመኝ ጮኸች። «ዓይኑን ተሠርቶ ነው አጎቴ!»

አንዱ ጎረቤት ሳቁ አመለጠው። እኔም ሐኪሙን ረሳሁትና አጎነበስኩ።

«ሲሳይ» አልኩ፤ «የመጣሁት ስለ ቀብሩ አይደለም። የምነግርህን ከሰማህ በኋላ ድንጋዩን ባታወርድልኝ እውነት አለህ።» ተገኘ ጋቢዬን ከኋላ ሲጎትት ተሰማኝ። «አባታችን አልረሳህም። ሦስት ሳምንት ታመመ፤ ሁለቱን ሳምንት ስምህን ጠራ። ላክበት አለኝ። ልኬያለሁ አልኩት። አልላክሁም።»

መንሹ ወደቀ።

«ለምን?»

«በምርቃቱ ቀንቼ።»

ጥሩዬ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሲሳይ ትቶን ሄደ፤ ማሳውን አቋርጦ እስከ ዳሩ። ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። አንገቴ ዛለ፣ የታሰረው ዓይኔ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። መምሬ በልባቸው ይጸልያሉ። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ቁጭ አሉ። «አይመለስም» ብዬ ቆርጬ ነበር።

ተመለሰ። ከፊቴ ሲቆም የትንፋሹ ሙቀት ተሰማኝ።

«ምን አለ?» አለኝ። «አባባ፣ በመጨረሻ፣ ምን አለ?»

«በመጨረሻው ቀን አለመድረስህን ሲያውቅ እጄን ያዘኝ። ‹የሲሳይን ምርቃት ባንተ አፍ አኖራለሁ። ሲመጣ ስጠው፤ እንዳታጎድልበት› አለኝ።»

«ታስታውሰዋለህ?»

«ብዙ ነገር ረስቻለሁ። እሱን አልረሳሁትም።»

ወደ መምሬ ዞርኩ። «ያንተ ነው» አሉኝ፤ «እኔ አልገባበትም።»

ሲሳይ ገለባው ላይ ተንበረከከ፤ ሁለት እጁን ዘረጋ። ስድሳ ሊሞላው የደረሰ ሰው ነው። ድንጋዩ ጫንቃዬ ላይ እንዳለ፣ አባቴ እንዳለው፣ አንድም ሳልጨምር ሰጠሁት።

«ሲሳይ ልጄ፣ እግርህ ከሄደበት አገር ሰው አትጣ።»

«አሜን» አለ።

«የዘራኸው ይብቀል፤ የወለድከው ይደግ።»

አሁን ጎረቤቶቹም «አሜን» አሉ።

«ደጅህ እንግዳ አይጣ። አጠገቤ ያልሆንከው ስለማትወደኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቅር አላለኝም።»

ለዚህኛው አሜን አላለም። ግንባሩን ገለባው ላይ አድርጎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ጥሩዬ እልል ልትል ብላ ድምጿ ተሰበረ። ከዚያ ተነሣና ድንጋዩን በሁለት እጁ ከጫንቃዬ አነሣው።

«ይችን ዛሬ አወርድልሃለሁ» አለ። «የሆዴን ግን ቀስ እያልኩ ነው፣ አያ።»

አያ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ብጠይቀው!

ከዚህ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ዓይኔ ከማጎንበሱ የተነሣ ትንሽ ቀልቶ ሐኪሙ ተቆጣኝ፤ ግን ዳነ። መምሬ ንስሐዬን ሰጡኝ፤ እየፈጸምኩ ነው። የሲሳይ ሆድ ገና ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። አንዳንድ ቀን ይደውልና «ያን ጊዜ ውሃ ማን ነበር የሚያጠጣው?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔም የማውቀውን እመልሳለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ስደውል አያነሣም። በፋሲካ ግን ወገራ ወጥቶ የአባታችንን መቃብር ተሳለመ፤ ቤቴም አደረ።

ሕይወት አሁን ከገጹ ግርጌ አትጽፍም፤ ገና ሲጀመር በራሷ ድምፅ «የምትሰሙት ሰዎች አይደሉም» ትላለች። ከማሽኖቹ ሌላም እውነተኛ ሰው ታቀርባለች። ተገኘን አቅርባው መጨረስ አቅቷት እንደነበር ነግራኛለች።

የአገሬ ሰው «ማሽን ካስታረቀህ እንግዲህ ሽማግሌ ምን ይሠራል?» እያለ ይቀልድብኛል። እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ ስለ ማሽን አልፈርድም። ግን እላቸዋለሁ፤ ማሽኑ አላስታረቀኝም፣ አስደነገጠኝ እንጂ። እሱ ንስሐ አባቱን የማያውቅ ነገር ነው፤ ያለውንም አንድ ቃል አልኖረበትም። የኖሩበት ሌሎች ናቸው፤ የማላውቃቸው፣ እንደኔ ወንድማቸውን የበደሉ፣ እንደ ሲሳይ የተበደሉ። የነሱን እሮሮ ነው አጠራቅሞ የመለሰልኝ። በደሌ የኔ ብቻ መስሎኝ ተደብቄበት ነበር፤ ብዙ ሰው አብሮኝ እንደተደበቀ ስሰማ መውጣት ቀለለኝ።

ዛሬ የተጣላ ሰው ከጥዱ ሥር ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምነግረው ይህንኑ የራሴን ነው። አሳፍሮኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

እናንተም ይህን ያነበባችሁ፣ ሟች ለሌላ ሰው ያኖረውን ቃል በአፋችሁ ይዛችሁ እንደሆነ፣ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ አድርሱለት። እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ይዤዋለሁ። ለማድረስ የፈጀብኝ ጊዜ ግን አንድ አቡነ ዘበሰማያት ከመድገም አይበልጥም።